ቦሌ የሚያደርስ ካርድ የትኛው ነው?

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ጓደኛችንን የእናቱን ሞት ልናረዳው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በሩን አንኳኳን። እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ገቡ፣ እኛ ተከተልን። ለቅሶው በረድ ሲል ሴቶቹ ቡና አቀረቡ፤ እኔና የሚስቱ ወንድም ወጥ ቤት ጥግ ቆመን በስልክ ቲኬት ፍለጋ ያዝን። በዚያው ቀን ከደለስ አየር ማረፊያ ተነስቶ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ በኢኮኖሚ፣ ከ3,000 ዶላር በላይ ይላል።

«ማይል አለው እኮ! ስንት ዓመት ሲያጠራቅም» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ከ140,000 በላይ ማይል ነበረው። ካርዱ ላይ በትልቁ የአንድ አየር መንገድ ስም ተጽፏል። ችግሩ አየር መንገዱ አዲስ አበባ አይበርም። በአጋሮቹ በኩል ያገኘነው መንገድ ደግሞ ሁለት ከተማ እያሳደረ በሦስተኛው ቀን የሚያደርስ ነበር። እናት በማግስቱ ትቀበራለች፤ ይህ መንገድ ለቀብሩ ቀርቶ ለሣልስቱም አያደርሰውም። ቲኬቱን በገንዘብ ቆረጥንለት፤ ከፊሉን እኛ አዋጣን። ማይሉ እዚያው ካርዱ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ «የትኛውን ካርድ ላውጣ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ ጥያቄ ነው። መጨረሻ ላይ የምትሳፈርበት አውሮፕላን የማን ነው? አብዛኛው ሰው ካርዱን የሚመርጠው ከወዲህኛው ጫፍ ተነስቶ ነው፦ ከማስታወቂያው፣ ከቦነሱ ብዛት፣ ባንክ ቤት ካገኘችው ልጅ ፈገግታ። እኔ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ካርዱ መምጣት ይሻላል ባይ ነኝ። የምጽፈውም አሜሪካ ለሚኖረው፣ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ አገር ቤት ለሚመላለሰው ወገኔ ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ማይል ምን እንደሆነ እንወቅ። አሜሪካን ኤርላይንስ በሜይ 1981 የማይል ፕሮግራሙን ሲከፍት፣ ዩናይትድም በቀናት ልዩነት ሲከተለው፣ ማይል የሚገኘው በመብረር ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሰው የሚያጠራቅመው መሬት ላይ ሆኖ ነው፦ ከቤንዚን ማደያ፣ ከግሮሰሪ፣ ከስልክ ሂሳብ። ካርዳችንን በሰጠን ቁጥር ባለ ሱቁ ከሽያጩ ላይ ከመቶ ሁለትም ሦስትም ዶላር ለባንኩና ለካርዱ ድርጅት ይከፍላል፤ ባንኩ ከዚያ ላይ ቆንጥሮ ከአየር መንገዱ ማይል ይገዛና ለእኛ ይሰጠናል። ዴቢት ካርዳችን ማይል የማይሰጠንም በዚሁ ምክንያት ነው። በ2010 የወጣው ሕግ ትልልቆቹ ባንኮች ከአንድ የዴቢት ግዢ የሚወስዱትን ወደ 21 ሳንቲም ገደማ ስላወረደው፣ የሚቆነጠር ነገር አልቀረም። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችንም እኛ የምናገኘውን የሚያህል ቦነስ የማያዩት፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2015 የክሬዲት ካርዱን ድርሻ 0.3 በመቶ ላይ ስለገደበው ነው። ስቶክሆልምና ፍራንክፈርት ያላችሁ እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

ይህ ገበያ ትንሽ አይደለም። ዴልታ በ2023 ብቻ ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ አግኝቷል። ዩናይትድ በ2020 ወረርሽኙ ሰማዩን ባዶ ሲያደርገው የማይል ፕሮግራሙን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበድሯል። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ማይል አየር መንገዱ ራሱ የሚያትመው ገንዘብ ነው፤ ዋጋውንም የሚወስነው ራሱ ነው። ዩናይትድ «ከዚህ እዚያ ይህን ያህል ማይል» የሚለውን ሠንጠረዡን በ2019 አንስቶታል፤ አሁን ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ወረፋው ይወጣል ይወርዳል። ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ ትንሽም ብትሆን ወለድ ይወልዳል፤ ማይል ግን ተቀምጦ የሚያውቀው መክሳት ነው። ስለዚህ ለልጅ ልጅ የሚጠራቀም ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ልናገር። ካርዱ ላይ ከወር ወር የሚሻገር ዕዳ ያለበት ሰው ማይል የሚባል ነገር አይመልከት። በፌደራል ሪዘርቭ መረጃ መሠረት አማካዩ የክሬዲት ካርድ ወለድ ከ2023 ጀምሮ ከ20 በመቶ በላይ ነው። 5,000 ዶላር ዕዳ በ22 በመቶ ወለድ ዓመቱን ሙሉ ከቆየ 1,100 ዶላር ይበላል፤ ረከስ ባለው ወቅት አንድ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስበት ገንዘብ ማለት ነው። ከመቶ ሁለት በሚሰጥ ካርድ 1,100 ዶላር ለማግኘት 55,000 ዶላር ማውጣት ያስፈልጋል። አበው ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይህንኑ ነው። ሚኒመም ፔይመንት እየከፈሉ «ማይል እየያዝኩ ነው» የሚሉ ወንድሞች አውቃለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ማታ ማታ ታክሲ ነድተው ያገኙትን ነው ለባንኩ የሚያስረክቡት። መጀመሪያ ዕዳውን መክፈል፣ ከዚያ ስለ ማይል ማሰብ።

አገር ቤት ገንዘብ በክሬዲት ካርድ መላክም እንዲሁ ነው። ብዙ ባንኮች እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል፤ ማይል የለውም፣ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ዲቪ ደርሶት አዲስ የገባ ሰው ደግሞ ቸኩሎ ትልቅ ካርድ ቢጠይቅ ውድቅ ይደረግበታል፤ 200 ዶላር ገደማ አስይዞ በሚሰጥ ካርድ ጀምሮ አንድ ዓመት በሰዓቱ እየከፈለ ክሬዲት ሂስትሪውን ቢሠራ ይሻለዋል።

ዕዳ የለብኝም፣ በየወሩ እዘጋለሁ ለሚል ሰው የምሰጠው መለኪያ አንድ ነው፦ በሁሉም ግዢ ላይ ከመቶ ሁለት በጥሬ ገንዘብ የሚመልስ፣ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ካርድ። የሲቲ ደብል ካሽ አለ፣ የዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ አለ። ማንኛውም የማይል ካርድ ከዚህ ካልበለጠ ድካሙ ለምን? ይህን ጥያቄ ከልብ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላየሁም።

በቁጥር እንየው። ከደለስ ቦሌ በቀጥታ 7,200 ማይል ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዲሴምበር 2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ የአባል አየር መንገዶችን ማይል ይዞ በራሳችን አውሮፕላን መሳፈር ይቻላል። ከእነዚህ ሁሉ እኔ በተደጋጋሚ የምመለስበት የኤር ካናዳው ኤሮፕላን ነው፤ ዋጋውን በርቀት የሚያወጣ፣ የነዳጅ ጭማሪ የሚባለውን የማይጠይቅ ፕሮግራም ነው። በ2020 እንደ አዲስ ሲጀመር ባወጣው ሠንጠረዥ ከ6,001 እስከ 8,000 ማይል ላለው ጉዞ በአንድ መንገድ ኢኮኖሚ 55,000፣ ቢዝነስ ክላስ 85,000 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡ ስለሚነካካ የዕለቱን አይቶ ነው መወሰን፤ ለስሌት ግን ይበቃል።

በኢኮኖሚ ደርሶ መልስ 110,000 ፖይንት ወይም ማይል መሆኑ ነው። በየካቲት ወይም በጥቅምት ቲኬቱ 1,200 ዶላር ቢሆን፣ ቀረጥና መጠነኛ ክፍያው ሲቀነስ አንዱ ፖይንት አንድ ሳንቲም ገደማ ነው የሚያወጣው። በዶላር ሁለት ፖይንት የሚሰጥ ካርድ ቢሆን እንኳ ከመቶ ሁለት ከሚመልሰው ካርድ ጋር እኩል ማለት ነው፤ እንዲያውም ጥሬ ገንዘቡ ይሻላል፤ ከፈለግህበት ቲኬት ቆራጭ መርጠህ ትገዛበታለህ፣ መቀመጫ አለ የለም ብለህ አትጨነቅም። ለገና፣ ለጥምቀትና ለክረምቱ ዕረፍት ቲኬቱ 2,200 ሲደርስ ፖይንቱ ወደ ሁለት ሳንቲም ይጠጋል። በዚያን ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ አየር መንገዱ ለአጋሮቹ የሚለቀው መቀመጫ ያንሳል። አምስት ሆኖ ለገና በማይል እሄዳለሁ የሚል ቤተሰብ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ቀኑን ካልያዘ ባይደክም ይሻላል። አንድና ሁለት መቀመጫ ነው የሚገኘው፤ የቀረው በገንዘብ ይሞላል።

እንግዲህ ማይል የሚያዋጣው መቼ ነው? ሁለት ጊዜ ነው እላለሁ። አንዱ መርዶ ሲመጣ ነው። የድንገት ቲኬት በገንዘብ ሲሆን እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ በርቀት የሚሰላ ፕሮግራም ግን መቀመጫ እስካለ ድረስ ነገ ለሚነሳው አውሮፕላንም ከስድስት ወር በኋላ ለሚነሳውም ዋጋው ያው ነው። 3,000 ዶላር የጠየቀንን የዚያን ቀን ቲኬት በ110,000 ፖይንት ብናገኘው ኖሮ አንዱ ፖይንት ከሁለት ሳንቲም ተኩል በላይ ባወጣ ነበር።

ሌላው ለወላጅ ነው። ማይል በስምህ ቢሆንም ቲኬቱን ለምትፈልገው ሰው ትቆርጣለህ። የታናሽ እህቴ ልጅ ክርስትና ሊነሳ እናታችንን ስናመጣት ጉልበቷ ታሞ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሲመጣ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስላለ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል፤ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል፤ ጉዞው 16 እና 17 ሰዓት ይፈጃል። መምጫዋን ብቻ በቢዝነስ ክላስ በፖይንት ቆረጥንላት፤ መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ስለሆነ በኢኮኖሚ ሄደች። ደለስ ስንቀበላት በተሽከርካሪ ወንበር ትወጣለች ብለን ስንጠብቅ ነጠላዋን አስተካክላ በእግሯ መጣች። «አልጋ አነጠፉልኝ እኮ፣ ብርድ ልብስ ደርበውልኝ ተኛሁ» አለች፤ ይህንኑ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሳምንት ሙሉ ስትነግር ሰነበተች። ያ መቀመጫ በገንዘብ ቢሆን የማንሞክረው ነበር። ለእኔ የማይል ካርድ ዋጋው ይኼ ነው።

ሁለቱም ጊዜ የሚያስፈልገው ከባንኩ ወደ ፈለጉት አየር መንገድ በቶሎ የሚዛወር ፖይንት ነው። ስለዚህ የአንድ አየር መንገድ ስም ያለበትን ካርድ እኔ ለመጀመሪያ ካርድነት አልመክርም። የዴልታ ካርድ ስካይቲም የተባለው ሌላ ኅብረት ውስጥ ያስገባሃል፤ የአሜሪካን ካርድ በኳታር በኩል ዶሃ ያዞርሃል። የዩናይትድ ካርድ ቢያንስ ስታር አሊያንስ ውስጥ ነው፤ ግን በዋናነት የሚያስተዋውቀው የመጀመሪያው ሻንጣ ነፃ መሆኑን ነው። ያ ደግሞ በዩናይትድ በረራ ላይ ነው። በእኛ አየር መንገድ ከአሜሪካ ለሚነሳ መንገደኛ በኢኮኖሚም ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀዳል። ያለንን ነገር ለማግኘት በዓመት መክፈል ምን ይጠቅማል?

ብዙዎች የራሱን የኢትዮጵያ አየር መንገድን ፕሮግራም ይዘው «ታዲያ ሸባማይልስስ?» ይሉኛል። ልባችን እዚያ እንደሆነ አውቃለሁ። ትልልቆቹ የአሜሪካ ባንኮች ፖይንት ከሚያዛውሩላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ግን ሸባማይልስ የለም። እዚያ ማጠራቀም የሚቻለው በዋናነት በመብረር ነው። እዚህ ላይ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ አንድን በረራ ማስመዝገብ የሚቻለው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቲኬት ሲቆረጥ የሸባማይልስ ቁጥር ከተሰጠ ማይሉ እዚያ ይገባል፤ የኤሮፕላን ቁጥር ከተሰጠ ደግሞ ባንክ ካለው ፖይንት ጋር አንድ ቦታ ይደመራል። በሁለት ዓመት አንዴ የሚበር ሰው ሁለት ቦታ ቆንጠር ቆንጠር ከሚያደርግ አንድ ቦታ ቢሰበስብ ይሻለዋል። በየወሩ የሚመላለስ ነጋዴ ግን ሸባማይልስን ይያዝ፤ የጎልድና የፕላቲነም ደረጃው ያገለግለዋል።

ተዛዋሪ ፖይንት ከሚሰጡት ውስጥ ለእኛ መንገድ ቼዝን አስቀድማለሁ። ሳፋየር ፕሪፈርድ በዓመት 95 ዶላር ነው፤ ፖይንቱ ወደ ኤሮፕላንም ወደ ዩናይትድም አንድ ለአንድ ይዛወራል፤ ሁለቱም ስታር አሊያንስ ናቸው፤ አንዱ ጋ መቀመጫ ሲጠፋ ሌላው ጋ ይፈለጋል። ቪዛ መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። ኮስትኮ ከ2016 ጀምሮ ከክሬዲት ካርዶች የሚቀበለው ቪዛን ብቻ ነው፤ ክርስትናና ሠርግ የደገሰ ሰው የዓመቱን ትልቅ ወጪ የት እንደሚያወጣ ያውቃል።

የካፒታል ዋን ቬንቸርም 95 ዶላር ነው፤ በሁሉም ግዢ ላይ በዶላር ሁለት ማይል ይሰጣል፣ ወደ ኤሮፕላንና ወደ አቪያንካው ላይፍማይልስ ይዛወራል። ይህ ዕረፍት ለማያውቀው ሰው ነው፤ የትኛው ካርድ ለግሮሰሪ፣ የትኛው ለቤንዚን እያለ ማሰብ ለማይፈልግ። ታክሲ፣ ኡበርና ትራክ ለሚነዱት ደግሞ ሲቲ ስትራታ ፕሪሚየርን አስቡት እላለሁ፤ በቤንዚን፣ በግሮሰሪና በምግብ ቤት በዶላር ሦስት ፖይንት ይሰጣል። ጉድለቱ ወደ ኤሮፕላንም ወደ ዩናይትድም አለመዛወሩ ነው፤ በላይፍማይልስ ወይም በተርኪሽ በኩል መሄድ ያስፈልጋል፤ ፍለጋው ትንሽ ያደክማል።

አሜሪካን ኤክስፕረስ ጎልድ በሱፐርማርኬት በዶላር አራት ይሰጣል፣ እስከ 25,000 ዶላር ወጪ ድረስ በዓመት። ወደ ኤሮፕላንም ይዛወራል። ግን ዓመታዊ ክፍያው 325 ዶላር ነው፤ የሚመልሳቸው ቅናሾች በየወሩ የሚቆራረሱ ናቸው፤ እንጀራና በርበሬ የምንገዛባቸው አንዳንድ የሐበሻ ሱቆችም ካርዱን አይቀበሉም ወይም «ካሽ ከሆነ ይሻላል» ይላሉ። በዓመት 795 እና 895 ዶላር የሚጠይቁትን የቼዙን ሳፋየር ሪዘርቭንና የአሜሪካን ኤክስፕረሱን ፕላቲነምን ለማለፍ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። በሁለት ዓመት አንዴ ሎንጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ለመቀመጥ ያን ያህል የሚከፈል አይመስለኝም።

ዳላስና ዴንቨር ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኤሮፕላን የሚቆጥረው የተበረረውን ርቀት ሁሉ ነው። ከዴንቨር ደለስ 1,450 ማይል ገደማ ተደምሮበት ጉዞው 8,000ን ስለሚያልፍ ወደ ሚቀጥለው ዋጋ ይገባል። ደለስ ድረስ ያለውን መንገድ በርካሽ ለብቻ ቆርጦ ከዚያ መነሳት አንዳንዴ ያዋጣል። ግን ሁለት ቲኬት ማለት መጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅም ማለት ነው፤ ሻንጣም ተቀብሎ እንደገና ማስገባት አለ። እኔ ሽማግሌና ሕፃን ላለበት ጉዞ ይህን አላደርገውም።

ቦነሱን በተመለከተ፣ ፖይንት በብዛት የሚገኘው ከዕለት ወጪ ሳይሆን ከእሱ ነው። ቬንቸር ለዓመታት በሦስት ወር 4,000 ዶላር ላወጣ 75,000 ማይል ሲሰጥ ቆይቷል። ይህን ያህል ማይል በተራ ወጪ ለማግኘት 37,500 ዶላር ማውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ ካርዱን የማውጫው ጊዜ ሲመረጥ፣ የመኪና ኢንሹራንስ የሚከፈልበት፣ የልጆች ትምህርት ቤት የሚጀመርበት ወይም ድግስ ያለበት ወር ቢሆን ጥሩ ነው። ቦነሱን ለማግኘት ሲባል ግን የማያስፈልግ ነገር መግዛት ከዚያው ዕዳ ውስጥ ይከታል። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፦ ቼዝ በ24 ወር ውስጥ ከየትኛውም ባንክ አምስት ካርድ ያወጣን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም፤ ስለዚህ እሱን አስቀድሞ ሌላውን ማስከተል ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ አንዱ አውጥቶ ቦነሱን ሲጨርስ ሌላው ቢቀጥል ይሻላል።

በመጨረሻም፣ ፖይንት ከባንክ ወደ አየር መንገድ አንዴ ከተዛወረ አይመለስም። መቀመጫውን በዓይን ሳያዩ ማዛወር አይገባም። መጀመሪያ በኤሮፕላን ወይም በዩናይትድ መፈለጊያ ላይ በረራውን፣ ቀኑንና ቁጥሩን አይቶ፣ ከዚያ ማዛወር። ወደ ኤሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ይደርሳል።

ያ ጓደኛችን ከአርባው በኋላ የድሮ ካርዱን ዘጋና ቬንቸር አወጣ። የመኪናውን ኢንሹራንስ፣ ቤንዚኑንና የቤቱን አስቤዛ በእሱ አደረገ፤ በወር ከ1,500 ዶላር በላይ። ቦነሱ 75,000፣ ከወጪው የተገኘው 36,000፣ በድምሩ 111,000 ማይል ሆነለት። ለእናቱ ሙት ዓመት መቀመጫ ስንፈልግ ዓርብ የለም፣ ቅዳሜ የለም፤ ረቡዕ ማታ አንድ መቀመጫ ተገኘ፣ መመለሻው ደግሞ በኒዋርክ በኩል። ከሥራው ሁለት ቀን ተጨማሪ ፈቃድ ጠየቀ። ማይሉን ሲያዛውር አጠገቡ ነበርኩ፤ ቲኬቱ እስኪመጣ እጁን ከስልኩ ላይ አላነሳም። ከዚያ ለታላቅ እህቱ ደወለላት፤ «ሐሙስ እገባለሁ፣ ተዝካሩን እንዳትጀምሩ» አላት።